ሰሌዳ ሳይወጣላት መንገድ የገባች መኪና

አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ያልበቃውንም ተበድሮ፣ አዲስ መኪና ገዝቶ ወደ ጂንካ ሲገባ ደስታው የእርሱ ብቻ አይደለም። ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ «እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል፤ ሽማግሌዎች ይመርቁታል፤ የሰፈር ልጆች በመስተዋቷ ፊታቸውን ያዩባታል። የወንበሮቿ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ከፊትና ከኋላ የመለያ ቁጥር ሊታሰርበት የሚገባው ስፍራም ገና ባዶ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በማግሥቱ ቁልፉን ይዞ ቀይ አፈር ወዳሉት ዘመዶቹ ይጓዛል። «ታርጋው እስኪወጣ ድረስ ቆማ ምን ትሠራለች?» እያለ ለሚያቀርበው ጥያቄም የሚመልስለት ሰው ብዙ ጊዜ አያጋጥመውም። በእኔ አስተያየት ግን ጥያቄው መልስ አለው፤ መልሱም የሚገኘው በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሳይሆን በዚያው በሚጓዝበት መንገድ ዳር ከብት ከሚጠብቀው እረኛ ዘንድ ነው።

አስቀድሞ የገዢውን ምክንያት ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ከንቱ ምክንያት አይደለምና። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አዲስ አበባ የተገዛች መኪና ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ኮንሶንና ወይጦን አልፋ ነው የምትደርሰው። የጉምሩኩ ሰነድ፣ የሽያጩ ውል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ምርመራ፣ የመድኑ ወረቀት፣ እያንዳንዱ የራሱ መስኮትና የራሱ ወረፋ አለው። አንዱ ፊርማ ሲገኝ የሌላው ፈራሚ ለስብሰባ ሄዷል። ብድር የሰጠው ባንክ ግን ወለዱን ሲያሰላ ስብሰባ አያውቅም። እኔ ራሴ መምህር በነበርኩበት ዘመን የገዛኋትን ሞተር ብስክሌት ሰሌዳ ሳይወጣላት ለዘጠኝ ቀናት ነድቻታለሁ። ምንም አልደረሰም። ለረጅም ጊዜ ይህን «ምንም አልደረሰም» የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ እቆጥረው ነበር፤ ኋላ ግን የሚያስረዳው ዕድለኛነቴን እንጂ ትክክለኛነቴን አለመሆኑ ገባኝ።

ሌላው የሚቀርበው መከራከሪያ «የማን መኪና እንደሆነች አገር ሁሉ ያውቃል» የሚል ነው። ይህ አባባል በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጣችው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ስትገባ መለያ ቁጥር አላስፈለጋትም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መሆኗን የማያውቅ አልነበረምና። ዛሬ ግን ጂንካ ውስጥ የታወቀች መኪና ወይጦ ስትደርስ እንግዳ ናት፤ ቱርሚ ስትደርስ ደግሞ ከነጂዋ ጋር እንግዳ ናት። አውቶሞቢል ቀድሞ በበዛባቸው አገሮች ይህን ችግር የተረዱት ገና በማለዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. የፓሪስ ፖሊስ ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ባለሞተር ተሽከርካሪ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ከመለያ ቁጥሩ ጋር የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ በስተግራ በኩል እንዲይዝ ታዘዘ። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ነው፦ ሰሌዳ ሲጀመር የሰው ስምና የሰው ቤት ነበረ። ዛሬ ቁጥሩ ብቻውን ቢቀርም ሥራው አልተለወጠም፤ በመንገድ ላይ ለቆመ ለማንኛውም ሰው የባለቤቱን ስም ይናገራል።

«ታርጋ» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «መኪና»፣ «ጎማ» እና «ቦሎ»ም እንዲሁ። «ሰሌዳ»ን የወረስነው ከግእዝ ነው። ምናልባት ቃሉ ከባዕድ በመምጣቱ ይሆናል፣ ነገሩም የባዕድ፣ የቢሮ፣ የቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ መስሎ የሚታየን።

ለደቡብ ኦሞ ግን ነገሩ ባዕድ አይደለም። በሐመር፣ በበና፣ በሙርሲና በሌሎችም ከብት አርቢዎች ዘንድ የከብት ጆሮ በተለያየ ቅርጽ ተቆርጦ ምልክት ይደረግበታል። አንድ በሬ በቀለሙ፣ በቀንዱ አወጣጥና በጆሮው አቆራረጥ ይታወቃል። በሙርሲ ዘንድማ የከብት ቀለም ስያሜ ለሰው መጠሪያ እስከ መሆን ይደርሳል። በሬው ጠፍቶ ከሌላ መንጋ ቢቀላቀል ወይም በሰው ማሽላ ውስጥ ገብቶ ቢገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነው። መልሱን በሬው ራሱ ተሸክሞታል። ባለቤቱም ከብቱን መልሶ የሚያገኘው፣ ለተበላው ማሽላም የሚጠየቀው በዚያው ምልክት ነው። ምልክቱ ለመብትም ለዕዳም እኩል ያገለግላል። የመኪና ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ መኪናው ስትሰረቅበት ብቻ ነው ሰሌዳን የሚያስታውሰው።

እንግዲህ በወይጦና በቀይ አፈር መካከል ሊመሽ ሲል ሁለት ወንድማማቾች ፍየሎቻቸውን እየነዱ መንገድ ሲሻገሩ እናስብ። ከጠመዝማዛው ጀርባ አንዲት መኪና ብቅ ትላለች። ታናሽየው ተገጭቶ ይወድቃል። መኪናዋ ጥቂት ዘግየት ትልና ፍጥነት ጨምራ ትሄዳለች። ፖሊስ ደርሶ ታላቁን «ምን ዓይነት መኪና ናት?» ብሎ ቢጠይቀው «ነጭ» ይላል። ጎብኚዎችን የሚያመላልሱ፣ የመንግሥት ሠራተኞችንና የርዳታ ድርጅቶችን የሚያጓጉዙ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ቀን ከሌት በሚያልፉበት አገር «ነጭ» ማለት ምን ማለት ነው? የመንደሩን ከብት በሙሉ አንድ በአንድ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ይህችን መኪና መለየት ያቃተው ዓይኑ ደክሞ አይደለም፤ ጆሮዋ ስላልተቆረጠ ነው። ሰሌዳ ቢኖራት ኖሮ፣ ልጁ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ከአጠገቡ የነበረ ተማሪ ያነብለት ነበር፤ ያየውን የአኃዝ ቅርጽ በአሸዋ ላይ ሥሎ የሚያሳይም አይጠፋም።

ገዢው «የሻንሲ ቁጥር አላት፤ አትጠፋም» ይል ይሆናል። የሻንሲ ቁጥር ቆማ ለሚመረምራት መካኒክ ይነበባል እንጂ በአቧራ ተሸፍና ለምታልፈው እረኛ አይነበብም። ጂንካ አዲሱን አውሮፕላን ማረፊያ ከማግኘቷ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማዋ መካከል፣ ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ ነበር። ያ አውሮፕላን እንኳ በሞተሩ ላይ የታተመ ቁጥር አለኝ ብሎ አልመጣም፤ መለያውን በጉልህ ፊደል በአካሉ ላይ ጽፎ ነው የመጣው።

በሕግ በኩል ነገሩ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ለተጎጂው ይህ ትልቅ መብት ነው፤ የነጂውን ጥፋት ለማስረዳት ከመድከም ያድነዋልና። ነገር ግን ከዚህ መብት ለመጠቀም አንድ ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ ባለቤቱን። የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799ም ቢሆን የትኛዋ መኪና እንደገጨችው መናገር ለማይችል ሰው የመድን ሰጪውን በር አያሳየውም። በእርግጥ አዋጁ ማንነቷ ባልታወቀ መኪና ለተጎዳ ሰው የመድን ፈንድ እንዲደርስለት አድርጓል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ያ ፈንድ የታሰበው ከዓይን ለተሰወረ ሸሺ ነው፤ ማንነቱን ለመግለጽ ወረፋው ስለረዘመበት ብቻ ሳይታወቅ ለሚጓዝ ባለ አዲስ መኪና አይደለም። የእርሱን ዕዳ ሌሎች ባለ መኪናዎች በከፈሉት ገንዘብ መሸፈን ፍትሕ አይመስለኝም።

ደግሞም ሕጉ ገዢውን መሄጃ አላሳጣውም። ቋሚው ሰሌዳ እስኪወጣ ድረስ «ተላላፊ» የተባለ ጊዜያዊ ሰሌዳ አለ። ከጂንካ የመጣ ሰው መኪናውን ወደ አገሩ ሊያደርሳት የሚገባው በዚህ ነው። ታዲያ ስለ ምን በብዙዎች ዘንድ ይዘለላል? አንደኛው ምክንያት ለጊዜያዊውም ወረፋ መኖሩ ነው። በዚህ ረገድ ወቀሳው በገዢው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሰውን በቀጠሮ እያመላለሰ፣ ሰውየው መንገድ ሲገባ ሕግ ጣሰ ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። እኔ የምመርጠው ግዴታውን ከገዢው አንሥቶ በሻጩ ላይ መጣል ነው። ሻጩ መሥሪያ ቤቱ ባለበት ከተማ ይኖራል፤ ፈራሚዎቹን ያውቃል፤ ሰነዱም ከእጁ አልወጣም። ተላላፊ ሰሌዳ ያልታሰረላት መኪና ከሻጩ ግቢ የማትወጣ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ወይጦ ድረስ ባልተከተለን።

ስለ መኪና ይህን ያህል ካልኩ ስለ ሞተር ብስክሌት ዝም ማለት አይገባኝም፤ በጂንካና በዙሪያዋ ቀበሌዎች ሰውንም ዕቃንም የሚያመላልሰው እርሱ ነውና። ዋጋው ከመኪና ስለሚያንስ ብዙዎች ይገዙታል፤ አነስ ያለ ስለሆነም ሰሌዳው ቢቆይ ማንም እንደ ነውር አያየውም። ጉዳቱ ግን አነስ አይልም። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ሲውል መንገዱ ማር በቅል በተሸከሙ ሴቶች፣ በፍየልና በሕፃናት ይሞላል፤ ሁለት ሰው ያፈናጠጠ ሰሌዳ የሌለው ሞተር በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል። የገጨው ሰው ከወደቀበት ቀና ሲል የሚያየው ጭስ ብቻ ነው።

በኬላው ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ እንዲህ ያለችውን አዲስ መኪና ወይም ሞተር ሲያይ፣ ነጂው የሚያውቀው ሰው ከሆነ፣ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ያሳልፋል። ደግነት መስሎት ነው። ደስታውን ይግለጽ፤ ግን ያቁማት። ባለቤቱ ተላላፊውን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ከኬላው ዛፍ ጥላ ሥር ትቆይ፤ የወንበሮቿም ላስቲክ እስከዚያው አይገፈፍ።