አረንጓዴው ሁሉ ደን አይደለም፤ ስለ ምዕራብ ሸዋ የዕፅዋት ካርታዎች የተሰጠ ምላሽ

ስለ ምዕራብ ሸዋ የመሬት ሽፋን በሚቀርቡ ጥናቶችም ሆነ በችግኝ ተከላ ዕቅዶች ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። በሳተላይት ምስል ላይ አረንጓዴው ከጨመረ ደኑ አገግሟል፤ ገላጣው ከሰፋ ደኑ ወድሟል ይላል። በዚህ ስሌት ዛፍ ጣል ጣል ያለበት የቆላ ሣር ምድር፣ ማለትም ሳቫናው፣ ድሮ ደን የነበረ፣ ዛሬ የተራቆተ፣ ነገ በችግኝ መሸፈን ያለበት መሬት ይሆናል። አስተያየቱ ከቅን ልቦና የመነጨ መሆኑን አልክድም። የደጋው ደን መመናመኑም እውነት ነው፤ በጊንጪ አቅራቢያ ያለው ጭሊሞና የጅባት ደን ከዚያ የተረፉ ናቸው። ሆኖም በደጋው ታሪክ ተንተርሶ በቆላው ላይ መፍረድ ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሚያባብሰው ደግሞ የካርታው አሠራር ነው።

ከምስሉ ወር እንጀምር። በክረምት ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ጥርት ያለ ምስል የሚገኘው በበጋ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ይመረጣሉ። በእነዚህ ወራት በባኮ ሸለቆ፣ በጉደር ገደል ወይም ከጊንደበረት ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አባሎውና ወይባው ቅጠሉን አራግፏል። ሰንበሌጡ ደርቋል፤ ከፊሉንም እሳት በልቶት መሬቱ ጠቁሯል። ሳተላይቱ የሚመዘግበው የብርሃን ነጸብራቅ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ኢንፍራሬዱን አጉልቶ ይመልሳል፤ ቅጠል አልባ ቅርንጫፍ ግን እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ በሕይወት ያለው ሳቫና በጥር ምስል ላይ ከታጨደ የጤፍ ማሳ ጋር ይምታታል። በዚያው ቀን በአምቦና በጊንጪ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ልምላሜው አልተነካም። ኮምፒውተሩም ሳቫናውን «ገላጣ»፣ ባሕር ዛፉን «ደን» ብሎ ይመድባል።

ባሕር ዛፍን ለማውገዝ አልተነሣሁም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለማገዶም ለአጣናም የደረሰ፣ ለብዙ ገበሬ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ የሆነ ዛፍ ነው። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ሰብል ነው። ሲቆረጥ ካርታው «የደን ጭፍጨፋ» ይላል፤ ሲያቆጠቁጥ «ማገገም» ይላል። ሁለቱም ከእውነታው የራቁ ናቸው። የጭሊሞ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ከባሕር ዛፍ ጋር በአንድ ቀለም ከተቀቡ፣ የተፈጥሮ ደኑ ቢቀንስ እንኳ ጉድለቱ በባሕር ዛፉ ተሸፍኖ ድምሩ ላይ ላይታይ ይችላል።

የድምሩ ነገር ከተነሣ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የደን ትርጓሜዋን ለውጣለች። ስፋቱ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት 2 ሜትር፣ የአናት ሽፋናቸው 20 በመቶ ከሆነ ደን ነው ተባለ። በዚህ መሠረት የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ሆኖ ለተባበሩት መንግሥታት ቀረበ። ጥቅጥቅ ያለውን የቆላ ዛፍ ማካተቱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ መስፈርት አንዱ የሳቫና ክፍል ደን ሲባል፣ ዛፉ ሳሳ ያለው ጎረቤቱ ከደን ውጭ ይሆናል። በመሬቱ ላይ ግን ሁለቱ አንድ የዕፅዋት ዓይነት ናቸው።

ይህን የዕፅዋት ዓይነት ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሮይገል እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ ከ12ቱ ዋና ዋና ዓይነቶች አንዱ አድርገው ለይተውታል፤ የኮምብሬተም–ተርሚናሊያ፣ ማለትም የአባሎና የወይባ ወገን፣ ምድር ነው። ዛፎቹ ወፍራም ቅርፊት አላቸው፤ ብዙዎቹ ዕፅዋት እሳት ካለፈ በኋላ ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። ከእሳት ጋር መኖርን የለመደ ምድር እንጂ የደን ፍርስራሽ አይደለም። ክርክሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ላይ 0.9 ቢሊዮን ሄክታር ተጨማሪ የዛፍ ሽፋን ሊኖር ይችላል ሲል፣ ብዙ ተመራማሪዎች ሣር ምድርና ሳቫና ባዶ ቦታ ተደርጎ ተቆጥሯል ብለው በዚያው መጽሔት ላይ ተቃውመውታል።

«ታዲያ ሳቫናው አልተጎዳም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተጎድቷል እንጂ፤ ከሰልና አዲስ የእርሻ መሬት በየዓመቱ ይቀንሱታል። መፍትሔው ግን ጥበቃና የግጦሽ ሥርዓት ነው። ችግኝ በብዛት ከተተከለበትማ፣ ጥላው ሰንበሌጡን ያጠፋል፤ ሣሩ ሲጠፋ ከብቱም ንቡም ይጎዳል።

«ካርታችን 90 በመቶ ትክክል ነው» የሚለው መከላከያም አያሳምንም። በመስክ ከተረጋገጡ 100 ነጥቦች 80ው እርሻ፣ 10ሩ ደን፣ 10ሩ ሳቫና ናቸው እንበል። ካርታው ሳቫናውን አንድ ሳይቀር ቢስትና ሌላውን ሁሉ ቢያገኝ ውጤቱ 90 በመቶ ነው። እርሻ በሰፋበት ዞን ጥቅል ውጤት ስለ ሳቫናው ምንም አይናገርም።

መሣሪያው በእጃችን አለ። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ባለ 10 ሜትር ምስል በየአምስት ቀኑ ገደማ በነፃ ይሰጣል፤ ላንድሳት በተባለው ሳተላይት ባለ 30 ሜትር ፒክስል ከጤፍ ማሳ ጋር ተዋህዶ የሚጠፋውን ጣል ጣል ያለ ግራር ለመለየት ይረዳል። ሴንቲኔል 1 ደግሞ በራዳር ደመናውን ያልፋል። የጥቅምት፣ የጥርና የግንቦት ምስሎች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ቅጠሉን የሚያራግፈው አባሎ ዓመቱን ሙሉ ከሚለመልመው ባሕር ዛፍ ይለያል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ የሆለታና የባኮ የምርምር ማዕከላት በአካባቢው ያሉ ተቋማት ናቸው፤ የቦታውን ዛፍ በስሙ የሚያውቅ ገበሬም በየቀበሌው አለ።

ስለዚህ የምዕራብ ሸዋ ካርታ የሚያዘጋጅ ሁሉ ሦስት ነገር ይግለጽ፦ ምስሉ የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ባሕር ዛፍን ከተፈጥሮ ደን እንዴት እንደለየ፣ ለሳቫናው ብቻ ያገኘው ትክክለኛነት ስንት እንደሆነ። ይህን ያልገለጸ ካርታ ለችግኝ ተከላ ቦታ መምረጫ መዋል የለበትም።