ስለ እግረኛው እግረኛው ይጠየቅ



በከተማችን በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። ይህ የመንገድ ላይ ወሬ አይደለም፤ ከተማው ራሱ ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት ባወጣው የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ላይ የሰፈረ ነው። ከቀረው ውስጥ አብዛኛው በአውቶቡስና በታክሲ ይሄዳል፤ በግል መኪና የሚሄደው ጥቂቱ ነው። ታክሲ የሚሳፈረውም ቢሆን እስከ ፌርማታው ድረስ ያው እግረኛ ነው። እንግዲህ ስለ መንገድ ሲመከር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? እግረኛው አይደለም እንዴ?

እውነቱን ለመናገር በቅርብ ዓመታት ብዙ ነገር ተሠርቷል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ‹‹መንገድ ለሰው›› በሚል ስም ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነፃ ተደርገው ሕዝብ ሲንሸራሸርባቸው፣ ልጆች ሲጫወቱባቸው አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ቦሌና ወደ መገናኛ በሚወስዱት ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። የተሠራውን አልተሠራም ማለት አይገባም።

ሆኖም መንገድ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን የሚጠቀምበትን ሰው ጠይቆ መሥራት ሌላ ነገር ነው። ቀላሉን ባቡር እናስታውስ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለብዙዎቻችን ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ግራና ቀኙ በአጥር ስለ ተዘጋ፣ ፊት ለፊት ወደሚታይ ሱቅ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሻገር ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ። ለወጣት ይህ ምንም አይደል ይሆናል። ጉልበታቸው ለደከመ አሮጊት፣ እንስራና ዘንቢል ለተሸከመች እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን የቀን ተቀን ፈተና ነው። ፕላኑ ወረቀት ላይ ሳለ በዚያ የሚመላለሱ ሰዎች ተጠርተው ‹‹በየት በየት ትሻገራላችሁ?›› ቢባሉ ኖሮ መልሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገኝ ነበር።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ዜብራው የት ይቀባ፣ መብራት የት ይተከል፣ የመኪናው ፍጥነት የት ይቀነስ የሚለው ጥያቄ የነፍስ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ከተማው ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት ጉዳይ የሚያማክረው የነዋሪዎች ኮሚቴ ይኑረው፤ አባላቱም በሥልጣን ሳይሆን በነዋሪነታቸው ይሾሙ። ይህ ያልታየ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ፣ በአሜሪካ፣ የብስክሌት አማካሪ ቦርድ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ነው። አባላቱ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ነዋሪዎች ሲሆኑ የሚሾሟቸው ከንቲባውና የከተማው ምክር ቤት ናቸው። መንገድ አይሠሩም፣ በጀት አይመድቡም፤ ፕላን አይተው ይመክራሉ። ለዚህ ደግሞ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ወንበርና ለመስማት ዝግጁ የሆነ ጆሮ ነው።

ታዲያ ማን ይሾም? ዋናው ነገር ይኸው ነው። ኮሚቴ በተባለ ቁጥር ስብሰባ የለመዱት እነዚያው ሰዎች ከተመረጡ ከንቱ ድካም ይሆናል። ልጆቿን በእግር ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ትግባ። በበትር የሚሄድ ዓይነ ስውርና በወንበር የሚንቀሳቀስ አካል ጉዳተኛ ይግቡ፤ የእግረኛ መንገድ ደረጃ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ይግባ። ጉልት የምትቸረችር ሴት ትግባ፤ የእግረኛ መንገድ የእርሷም የእንጀራ ቦታ ስለሆነ ሥፍራ ሳይሰጣት ውጪ ብቻ ብትባል ነገ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። አንድ አዛውንት ይግቡ። ከአባላቱ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ሲመሽ የትኛው መንገድ እንደሚያስፈራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አንዳንድ ሰዎች ‹‹መሐንዲስ እያለ ነዋሪ ምን ያውቃል?›› ይላሉ። መሐንዲሱ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ተዳፋቱ ያውቃል፤ እናከብረዋለን። በሐምሌ ዝናብ ውኃው የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ቦይ ክዳኑን እንዳጣ፣ ጠዋት ተማሪው በየትኛው ጥግ እንደሚሻገር የሚያውቀው ግን በዚያ የሚመላለሰው ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሥራው ሥራ የሚሆነው። ሌሎች ደግሞ ‹‹ኧረ ኮሚቴስ ሰለቸን፤ ተሰብስቦ መበተን ነው›› ይላሉ። እነዚህስ እውነት አላቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ ማለት ሥራ ተሠራ ማለት አይደለም። በመሆኑም ከሹመቱ ጋር ደንብ አብሮ መውጣት አለበት፤

አንደኛ፣ ፕላኑ ለኮሚቴው የሚቀርበው አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ሳይሆን ገና ወረቀት ላይ ሳለ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ለሰጠው ምክር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ምክሩን ባይቀበል እንኳ ምክንያቱን ይንገረን።

ሦስተኛ፣ የአባልነት ዘመን ሁለት ዓመት ይሁን፤ ከዚያ ለሌላው ይለቀቅ።

አራተኛ፣ ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም እንደዚህ ባለ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አምስተኛ፣ አባላቱ ደመወዝ ባይኖራቸውም የትራንስፖርታቸው ይታሰብ። አለበለዚያ ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ብቻ ይመጣና ጉልት የምትቸረችረዋ ትቀራለች።

የእኛስ ድርሻ? ማኅበራችን ከተማው እስኪጠራው መጠበቅ የለበትም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝና፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ከመካከላችን ይመረጡ። እነርሱም መንደሩን በእግራቸው ዞረው የተሰበረውን፣ የጨለመውን፣ መኪና ቆሞ የዘጋውን የእግረኛ መንገድ ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩም በወረዳው በኩል ለከተማው ይቅረብ። ኮሚቴው በተቋቋመ ቀን ስምም ሥራም ይዘን እንቅረብ። ኮሚቴው ቢዘገይ እንኳ ዝርዝሩ ለመንደራችን ይጠቅማል።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የመንገዱ ባለቤት በየቀኑ የሚረግጠው ሰው ነው። ከመካከላችሁ ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ወይም ‹‹እገሊት ብትሆን ትችላለች›› የምትሉት ሰው ካለ፣ ከጉባኤው በፊት ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ። ማንበብና መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ መንገዱን ማወቅ ይበቃል።