ሦስት ሪሞት ለአንድ ቴሌቪዥን

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ስለ ሪሞት ኮንትሮል ነው። «ምነው፣ ስንት ቁም ነገር እያለ!» የሚል አይጠፋም። እስቲ ታገሡኝ። አያቴ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ ዜና ያለ ድምፅ የተቀመጡት በእኔ ጥፋት ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ታላቅ እኅቴ ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ሆም ቲያትር ይዛልን መጣች፤ አምስት ትናንሽ ስፒከርና መሬት ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ቤዝ ያለው። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ያን ሰሞን ነበርና የገመዱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እኔም ተራቀቅሁበት። ምስሉ ከዲሹ ሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁ ደግሞ በቀይና በነጭ ገመድ ከሪሲቨሩ ወደ ሆም ቲያትሩ እንዲሄድ አደረግሁ። የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ ዘጋሁት። ቤታችን ሲኒማ ቤት ሆነ! ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። ሦስቱ ሪሞቶች በፌስታል ተጠቅልለው ዳንቴሉ ላይ ተደረደሩ፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደዚህ መጣሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ያ ሆም ቲያትር መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ራሱን ወደ ዲቪዲ ይመልሳል። ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈለገ ከሦስቱ ሪሞቶች ትክክለኛውን አንሥቶ፣ «ፋንክሽን» የሚለውን ቁልፍ እየደጋገሙ ተጭኖ፣ «ኦክስ» የሚል ጽሑፍ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ። መብራት በእኛ ሰፈር ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ መንገር ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ለገና ቤት ስገባ ዜና ተከፍቷል፤ አንባቢው አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለም። «እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ተወው ልጄ፣ ከትምህርትህ እንዳናሰናክልህ ብለን ነው ያልደወልነው። አባባም ምስሉን እያዩ ነው» አለችኝ። አባባ ግን ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ዜና የሚከታተሉት በጆሯቸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው የጠበቁት ምናልባት ድምፁ ይመለሳል ብለው ነበር።

መጀመሪያ የታየኝ መፍትሔ አራተኛ ሪሞት መግዛት ሆነ! ማለቴ ለሁሉም ያገለግላል የሚባለውን፣ «ዩኒቨርሳል» የሚሉትን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአፕል ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ እንኳ ከአፕል ሥራው ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1987 «ኮር» የተባለ ሁሉን የሚያዝ ሪሞት ለገበያ አቅርቦ ነበር። በኋላም የሎጂቴክ «ሃርመኒ» የሚባለው ስመ ጥር ሆኖ ሳለ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ማምረቱን አቆመ። እኔ የገዛሁት ርካሹን ነው። ኮዱን ስፈልግ አንድ ከሰዓት አለፈ። ተገኘ፤ ሠራም። እማዬ ግን ከበፊቱ ይልቅ ግራ ገባት። ለምን ቢባል፣ ሪሞቶቹ ሦስት ሳሉ ቢያንስ የትኛውን እንደያዘች ታያለች፤ አሁን ሦስቱም በአንዱ ውስጥ ተደብቀዋል። ድምፅ ለመጨመር በፊት «ቲቪ» ነው ወይስ «ኦዲዮ» የሚለውን ቁልፍ መጫን አለባት። ሦስት ችግር ወስጄ በአንድ ፌስታል ጠቀለልኩላት እንጂ አላቃለልኩላትም።

ከዚህ ላይ ስለ ሪሞት አሠራር ጥቂት ልበል፤ የሳይንስ እጩ መምህራን ይታዘቡኛል። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሪሞት፣ ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው፣ ገመድ ነበረው፤ ሰው እየተደናቀፈ ተቸገረ። በ1955 ዩጂን ፖሊ በብርሃን የሚሠራ ፈጠረ፤ የፀሐይ ብርሃን እየገባ ቴሌቪዥኑን ያዘው ጀመር። በ1956 ሮበርት አድለር በማይሰማ ድምፅ አደረገው። ዛሬ በየቤታችን ያሉት አብዛኞቹ በዓይን በማይታይ ቀይ ታሕት ጨረር ይሠራሉ። የሪሞቱን ግንባር ወደ ሞባይል ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ብትጫኑ በብዙ ስልኮች ላይ ብልጭታው ይታያል። ባትሪ ድንጋዩ መሞት አለመሞቱን ለማወቅም ይበጃል፤ ለክፍል ማሳያም ቢሆን ወጪ የለውም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ሪሞት ይናገራል እንጂ አይሰማም። «ተከፈት» ይላል፤ ቴሌቪዥኑ ይከፈት አይከፈት አያውቅም። ሦስት ዕቃ በአንድ ቁልፍ እንዲያነሣ ብታዙት፣ አንዱ ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ ሁለቱን ሲከፍት እሱን ያጠፋዋል። ስለዚህ የቱንም ያህል ብልህ ሪሞት ቢገዛ፣ ከኋላው ያለው ገመድና ዕቃ እስካልቀነሰ ድረስ ችግሩ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ማቃለል ከሪሞቱ አይጀምርም፤ ከገመዱ ይጀምራል።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ሪሲቨሩን በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ አገናኘሁት፤ ምስሉም ድምፁም በሱ ይሄዳል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ መለስኩ። ለዜና የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ምን አነሰው? ሆም ቲያትሩን ነቅዬ ለበዓል ብቻ አልኩ (እኅቴ ትንሽ አኩርፋለች፤ እውነቷን ነው፣ የለፋችበት ዕቃ ነው)። ከዚያ የሪሲቨሩን ሪሞት ሳገላብጥ ከላይ በኩል ከሌላ ሪሞት የሚማሩ ጥቂት ቁልፎች አገኘሁ። ሁለቱን ሪሞቶች ግንባር ለግንባር ገጥሜ የቴሌቪዥኑን መክፈቻና የድምፁን ቁልፎች አስተማርኩት። የቀሩትን ቁልፎች በፕላስተር ሸፈንኩ፤ በመክፈቻው ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግሁበት፤ አባባ በጣታቸው ዳስሰው እንዲያገኙት። ያን ማታ ራሳቸው ከፍተው፣ ድምፁን ራሳቸው ጨምረው፣ «ቀንስ ይላሉ እንዴ?» ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ማንም ቀንስ አላለም።

አዲስ ዕቃ ያላቸው ደግሞ ይህን ያህል መድከም ላያስፈልጋቸው ይችላል። በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት «ሲኢሲ» የሚባል መንገድ አለ፤ ሳምሰንግ «አኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይሉታል። ስሙን ለምን እንዳበዙት እነሱ ያውቃሉ። ሁለቱም ዕቃዎች ካላቸው፣ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ማብራት ነው፤ የአንዱ ሪሞት ሌላውንም ያዛል።

አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ሳጫውተው «አንተ መምህር ልትሆን አይደል እንዴ? ለምን አታስተምራቸውም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አስተምሬያለሁ እኮ! እማዬን ሦስት ጊዜ አሳይቻታለሁ። ያስተማርኳት ግን ቅደም ተከተሉን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም፤ አንዱ እርምጃ ሲሳሳት የምትመለስበት መንገድ አልነበራትም። ታናሽ ወንድሜ ሁሉንም ይማር፤ እሱ ይጓጓበታል። አባባ ግን ዜና ለመስማት ፈተና ማለፍ የለባቸውም።

ወደ ራሳችን ግቢ ልመለስና፣ መምህሮቻችን በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የነበረውን «ፕላዝማ» ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት በሰዓቱ ስለሚመጣ፣ መምህሩ ሪሞት ቢይዝም ሊያቆመው አይችልም፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ሳጥኑ አይሰማም። ዛሬ የእኛ ችግር ሌላ ነው። ባለፈው በማይክሮ ቲቺንግ ሰዓት አንዷ ጓደኛችን ፕሮጀክተሩን ለማስነሣት ስትታገል አሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ። ገመዱ ተሰክቷል፤ የጎደለው «ሶርስ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ያዘጋጀችው ትምህርት ግማሹ ላይ ቀረ፤ ማርኩ ግን ሙሉውን እንዳስተማረች ሆኖ አልተሰጣትም።

የመዝናኛ ክበባችንንማ ተዉት። ሪሞቱ የሚቀመጠው በአንድ ልጅ ኪስ ነው። እሱ ለልምምድ ሲወጣ ሪሞቱም አብሮት ወጣ፤ እኛም ሁለት ሳምንት በአንድ ጣቢያ ላይ ከርመናል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በፕሮጀክተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካና የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን በትልቁ የተጻፈ ካርቶን ይለጠፍ። በክበቡም ሪሞቱ በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ይታሰር። «ወደ 1950 መለስከን» ብትሉኝ ቅር አይለኝም፤ የሚደናቀፍ እንዳይኖር ሲባጎውን አሳጥረዋለሁ። ሲባጎም ካርቶንም አለኝ። ክበቡ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈት ከሆነ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ የጥፍር ቀለም ያላት ብቻ ትተባበረኝ።