ዳጉ የሌለው ላንድክሩዘር

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አንድ ግቢ በር ላይ ሦስት ላንድክሩዘሮች ተከታትለው ቆመዋል። የአንደኛው ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽ ተከምሯል። ሁለተኛው ላይ ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ተጠፍረዋል። ሦስተኛው የድንችና የሽንኩርት ጆንያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የታሸገ ውሃና የምግብ አብሳዩን ድስቶች ተሸክሟል። ረዳቱ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ገመድ ያጠብቃል።

“ስኮርታ ስንት ያዝክ?” ይላል ከታች የቆመው አዛውንት ሹፌር።

“ሁለት፣ ጋሼ።”

“ሦስት አድርገው። የኤርታሌ ድንጋይ ጎማ አይመርጥም።”

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ለቦሌና ለገርጂ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእነዚህ ሰፈሮች ቢሮ የከፈቱት አስጎብኚ ድርጅቶችና መኪና አከራዮች ከአውሮፕላን የወረደውን ጎብኚ ተቀብለው አሳድረው፣ በማግሥቱ ወደ አፋር በረሃ፣ ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራና ወደ ዳሎል የጨው ሜዳ ይጭኑታል። ዳቦ ሊገዛ የወጣው የሰፈሩ ሰው መኪኖቹን አየት አድርጎ “ፈረንጆቹ እሳት ሊያዩ ነው” ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ዱባይን ሦስት ጊዜ አይቶ ዳሎልን በስልክ ስክሪን ብቻ የሚያውቅ የቦሌ ልጅ ሞልቷል። እርግጥ ነው፣ የዋጋው ጥሪ በዶላር ሲሆን ልቡ ቢቀዘቅዝ አይፈረድበትም።

የአባቶቻችን ዘመን ቢሆን ይህ ስብስብ ቅፍለት ይባል ነበር። ሲራራ ነጋዴው ብቻውን በረሃ አይገባም፤ ጓደኛ ጠብቆ፣ ጭነት አስተካክሎ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዞ ነው የሚነሳው። ገርጂ በር ላይ የቆሙት ሦስት መኪኖችም ያንኑ ሥርዓት ነው የሚደግሙት። አንዱ አሸዋ ውስጥ ቢሰምጥ ሌላው ይጎትተዋል፤ አንዱ ቢሰበር ሰውና ውሃው ወደ ሁለቱ ይተላለፋል። በብቸኛ መኪና ወደዚህ በረሃ የሚወርድ አስጎብኚ ካለ ደንበኛው ገንዘቡን አስመልሶ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የዳሎል የጨው ሜዳ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጃኬት ለብሶ ከገርጂ የወጣ ሰው ጉዞውን ሲጨርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁል ወርዷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳሎል ላይ ፖታሽ ሲፈለግ በነበረበት ጊዜ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ማለት እንግዲህ የሌሊቱም፣ የክረምቱም ተደምሮ ነው። ሰው በኖረባቸው ቦታዎች ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

መንገዱ እስከ ሰመራ ድረስ ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ ይገባሉ። መተሐራ ላይ ዓመት ዓመት እየሰፋ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ሲያፈናቅል የኖረውን የበሰቃ ሐይቅ ያልፋሉ። አዋሽ ሰባት ላይ የድሬዳዋውን መንገድ ወደ ቀኝ ትተው ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ። እዚህ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል፤ ታኅሣሥ 26 ሌሊት የሰሚትና የሲኤምሲ ፎቅ ነዋሪ አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቶ ደረጃ በባዶ እግሩ መውረዱ አይረሳም። በረሃው ሩቅ ነው ብሎ የተኛውን ሰው በረሃው ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ቀሰቀሰው። ከዚያ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ። ከጅቡቲ የሚወጡትና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ናቸው የመንገዱ ጌቶች፤ ትንሿ መኪና ዳር ትይዛለች። በግራና ቀኝ የአዋሽን ዳርቻ የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ አረንጓዴነቱ ያታልላል። እሾሁን የሚያውቀው ጎሚስታው ነው።

ሚሌ ከመድረሳቸው በስተግራ የሐዳር ምድር አለ። ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.። ጎብኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሲሰሙ በመስኮት ፎቶ ያነሳሉ፤ የሚታየው ግን አቧራ ብቻ ነው።

ይህን በረሃ በግመል ካቋረጡት ነጮች አንዱ የምሥራቅ አዲስ አበባ ልጅ ነበር ቢባል ሰው ያስቃል። ግን እውነት ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከቀበና ወደ መገናኛ ሲኬድ ታክሲው በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ያ ደን የመሰለ ግቢ። አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ነበር። ልጁ አድጎ፣ በ1930 በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ላይ ተገኝቶ፣ በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ግመል አስጭኖ ተነሳ። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ ማየት ነበር የፈለገው። ወንዙን እየተከተለ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ በ1934 ታጁራ ላይ ባሕር አየ።

ከእሱ በፊትም ሙከራ ነበር። ሙንዚንገር የሚባለው ለግብፅ ያገለግል የነበረ ስዊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1875 ወታደር አሰልፎ ወደ አፋሮች ሱልጣኔት፣ ወደ አውሳ ዘለቀ፤ ከሚስቱ ጋር እዚያው ቀረ። ኔስቢት የተባለው እንግሊዛዊ ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር በ1928 በረሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ወጣ፤ ከያዛቸው አገልጋዮች ግን መንገድ ላይ የተገደሉ አሉ። ቴሲጀር ዕድሜው ሃያ ሦስት ዓመት ነበር። አውሳን ያለፈው በጠመንጃው ብዛት አልነበረም፤ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፊት ቀርቦ ፈቃድ ስላገኘ ነው። ሱልጣኑ እንግዳው ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ቀድሞ ሰምቷል ብሎ መገመት አያስቸግርም። ሬዲዮ በሌለበት አገር ወሬው ከእሱ ግመሎች ፈጥኖ ይጓዝ ነበርና።

አፋሮች ለዚህ ስም አላቸው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ “ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ” ተባብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ከዚያ ይገለበጣል። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሹ እንዴት ነው? የትኛው ጉድጓድ ደረቀ? ማን ሞተ? ምን ዓይነት እንግዳ ታየ፣ ስንት ሆኖ፣ ወዴት እየሄደ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ካየው ሰው ከሰማው ይለያል። የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። ቸኩያለሁ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያይ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል፤ ግማሽ ቀኑን ምንጩ የማይታወቅ ወሬ በስልኩ ሲያቀባብል የሚውለው ግን እሱ ራሱ ነው።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ቦሌ ላይ ጉዞው ሲሸጥ የሚነበበው ዝርዝር የብረት ዝርዝር ነው። የመኪናው ሞዴል፣ ማቀዝቀዣው፣ ድንኳኑ፣ የሳተላይት ስልኩ። አፋሩ መሪ የሚመጣው ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ “የአካባቢ አስጎብኚና ጥበቃ ክፍያን ይጨምራል” በሚል ግማሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ጥበቃው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ ጎብኚዎች ተገድለዋል፣ በ2017 መጨረሻም አንድ ጀርመናዊ ሕይወቱን አጥቷል። ታጣቂ ይዞ መሄድ ግን አንድ ነገር ነው፣ ወሬ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ሌላ። በሰሜኑ ጦርነት በመቐለ በኩል የሚገባው የጎብኚ መስመር ሲዘጋ አስጎብኚዎች ፊታቸውን ወደ ሰመራና አፍዴራ አዞሩ። ካርታው ያው ነበር። አዲሱን መስመር ያወቁት የሚያውቀውን ሰው ጠይቀው ነው።

መሬቱስ ቢሆን መቼ አንድ ቦታ ይቆማል? በ2009 ዓ.ም. ጥር አካባቢ ኤርታሌ ከሚታወቀው አፉ ውጭ ጎኑን ቀዶ ቀልጦ ፈሰሰ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ፣ በታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው፣ በድንገት ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ ላይ ከብቱን ግጦሽ ከለከለው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፣ እስከ ሕንድ ደርሶ በረራ አስተጓጎለ። እንዲህ ባለ አገር ዓምና የተሳለ መስመር ዘንድሮ ምን ዋስትና አለው?

የግመሉ ቅፍለት አሁንም አልጠፋም። ከሐመድ ኢላ መንደር ወዲያ፣ አሳሌ ሐይቅ ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሠራተኞች አሉ። አንዱ በረጅም እንጨት የጨዉን ንጣፍ ፈልቅቆ ያነሳል፣ ሌላው ቁጢጥ ብሎ በመጥረቢያ ጎኑን እያስተካከለ ጡብ ያስመስለዋል። የመጥረቢያው ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማል፤ ላብ ሲደርቅ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨው ይቀራል። አንድ ግመል ከ100 ኪሎ በላይ ይጫንና ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ሰልፍ ወደ በራህሌ ይነሳል። ይህ ጨው ድሮ አሞሌ ተብሎ ገንዘብ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ሲገበያዩበት አይቶ ጽፏል፣ ምኒልክ ብር ካሳተሙ በኋላም ቢሆን ቶሎ አልከሰመም። የግመሉን ቅፍለት ያሰጋው አስፋልቱ ነው። ድሮ እስከ መቐለ ይዘልቅ የነበረው ግመል ዛሬ በራህሌ ላይ ለከባድ መኪና ያስረክባል፤ መኪናው ከዓመት ዓመት ወደ ጨዉ እየቀረበ ነው። የግመሉ ጉዞ ሲያልቅ አብሮት የሚያልቀው የግመል ነጂው ገቢ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ማደሪያ የሚለዋወጠው ዳጉም ነው።

አውስትራሊያ ይህንን አይታዋለች። እዚያ የመካከለኛውን በረሃ መንገዶች የከፈቱት እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ከግመሎቻቸው ጋር በመርከብ የተጫኑ፣ በጅምላ “አፍጋን” የተባሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ሲመጣ ሥራ ያጡት ግመሎች ተለቀቁ፤ ዛሬ ባለቤት የሌለው የዱር ግመል መንጋ መንግሥትን ያስቸግራል። ጡረተኛው አውስትራሊያዊ ደግሞ ተጎታች ቤቱን ከመኪናው ኋላ አስሮ በዚያው በረሃ ለወራት ይዞራል። ግመል ነጂዎቹን የሚያስታውሳቸው አልፎ የሚሄደው የባቡር ስም ነው፤ “ጋን” ይባላል፣ ከአፍጋን የቀረ ቁራጭ።

ወደ ገርጂዎቹ መኪኖች እንመለስ። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከሐመድ ኢላ ወጥተው ወደ ጨዉ ሜዳ ሲያቀኑ አፋሩ መሪ የሹፌሩን ክንድ ነካ ያደርጋል፤ መኪናው ይቆማል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ አንድ ሰው፣ ዱላው ትከሻው ላይ፣ በእግሩ እየቀረበ ነው። መሪው ወረደ። እጅ ለእጅ ተያያዙና በመኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ አሉ። አዛውንቱ ሹፌር ሞተር አጠፋ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለቀቀ።

ከሲኤምሲ የመጣው ወጣት፣ ከቡድኑ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ተጓዥ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ኔትወርክ ይፈልጋል። “ጋሼ፣ ለምንድን ነው የቆምነው? መስመሩ ቀጥ ብሎ እኮ ያሳያል።”

“ታገስ፣ ልጄ።”

ሩብ ሰዓት ያህል ሆነ። መሪው ተነስቶ አቧራውን አራገፈና በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ትናንት ደጋው ላይ ዘንቧል፤ ጎርፉ ሌሊት ወርዶ ጨዉ ላይ ተኝቷል፤ ባለፈው ሳምንት የሄዱበት መስመር ጭቃ ሆኗል፤ ግመሎቹ ጠዋት በምዕራብ በኩል ዞረው ሲያልፉ ሰውየው በዓይኑ አይቷል። ሹፌሩ መስታወቱ ሥር የተሰካውን ስልክ ነቅሎ ለወጣቱ አቀበለውና መኪናውን ወደ ግራ አዞረ። ለስላሳው መሬት ላይ የግመሎቹ ሰፋፊ ዱካ ይታያል። የኋለኞቹ ሁለት መኪኖችም ፊተኛውን አይተው ታጠፉ።