ለቆየ ጌም ከግራፊክስ ካርድ በፊት ራም

ርካሽ ላፕቶፖች ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ምስሉን የሚሠራው ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለውም ከኮምፒውተሩ ራም ይካፈላል። በዚህ ምክንያት «ጌም አይችልም» ይባላል። ለአዳዲስ ጌሞች አባባሉ ልክ ነው፤ ለቆዩት ግን አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚጠይቀው 256 ሜጋባይት ራምና 64 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ብቻ ነበር። በ2015 የወጣው ኮር አይ5-6200ዩ፣ ኤችዲ 520 ከሚባለው ግራፊክሱ ጋር፣ ይህን ያለ ጭንቅ ይሸከማል። እንዲያውም ጌሙ የተሠራው በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ ታስቦ ስለሆነ፣ የፍሬም ገደቡ ከሴቲንግ ሲነሳ ማሽኑ ከዚያ በላይ ይሮጥና የጌሙ እንቅስቃሴ ይዛባል፤ ገደቡን አለመንካት ይሻላል። ካውንተር ስትራይክ 1.6ም ሆነ በ2004 የወጣው ሃፍ ላይፍ 2 አያስቸግሩም።

ፈተናው የሚጀምረው ከ2011 ወዲህ በወጡ ሰፋፊ ጌሞች ነው። በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ጂፎርስ 9800 ጂቲን የመሰለ ካርድ ይጠይቃል። ይህ የ2008 ካርድ በሰከንድ 57.6 ጊጋባይት ዳታ ያመላልሳል። ባለ ዲዲአር4 አይ5-6200ዩ ላፕቶፕ አንድ ራም ብቻ ከተሰካበት 17 ጊጋባይት ገደማ ያመላልሳል፤ ሁለት ሲሆኑ ወደ 34 ያድጋል። ያውም ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚሻሙት ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ላፕቶፑን የሚያማርረው ሁለተኛው የራም ቦታ ባዶ መሆኑን ሳያይ ነው። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ የሜሞሪው ገጽ ሲታይ ከሁለቱ ቦታዎች ስንቱ እንደተያዘ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደባቸው ላፕቶፖችም ስላሉ፣ ራም ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ቀጥሎ ሪዞሉሽን ነው። ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ሲወረድ በእያንዳንዱ ፍሬም የሚሳለው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል። ጥላና የጠርዝ ማለስለሻም ቢጠፉ ጌሙ ብዙ አይጎድልበትም።

አዲስ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2019 የወጣው ሴሌሮን ኤን4020 ግራፊክሱ 12 የማስፈጸሚያ ክፍሎች ብቻ ሲኖሩት፣ የኤችዲ 520 ክፍሎች 24 ናቸው። ከካርቶኑ ካልወጣ ሴሌሮን ይልቅ በአግባቡ የተያዘ ያገለገለ አይ5 ለጌም ይመረጣል። በእርግጥ ያገለገለው ላፕቶፕ ፋኑ በአቧራ ከታፈነ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ከደረቀ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ጌሙም ጥቂት ደቂቃ በደህና ሄዶ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ማጽዳት ከአዲስ ግዢ መቅደም አለበት።

አንዳንድ የሲዲ ጌሞች ደግሞ ጭራሹን አይከፈቱም። ሴፍዲስክ የተባለውን የቅጂ መከላከያ የሚጠቀሙትን ዊንዶውስ 10 አይቀበልም፤ ውድ ግራፊክስ ካርድ ቢገባም ያው ነው። እነዚህን ለመጫወት መከላከያው ተነስቶለት በሕጋዊ የኢንተርኔት መደብሮች የሚሸጠውን ቅጂ መግዛት ይሻላል።