ባልንጀራ ማለት ምን ማለት ነው?

«ባልንጀራዬ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንናገራለን? ከምን እንደ ተሠራ ግን የምናስበው ጥቂቶች ነን። ቃሉ «ባለ» እና «እንጀራ» ከሚሉት የተገጣጠመ ነው፤ ይኸውም እንጀራ ተካፋይ፣ ከአንድ መሶብ የሚቈርስ ማለት ነው።

የሩቅ አገር ሰዎችም እንዲሁ አስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1786 ሰር ዊልያም ጆንስ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን ካመለከተ በኋላ፣ ሊቃውንት ቃላትን እያስተያዩ የዚያን የጠፋ ቋንቋ ሥሮች መልሰው ለማቋቋም ደክመዋል። ካገኟቸው ሥሮች አንዱ በቀላል አጻጻፍ «ፓ» የሚባለው ነው፤ ፍቺውም መመገብና መጠበቅ ነው። የእንግሊዝኛው «ፉድ» (ምግብ)፣ የላቲኑ «ፓኒስ» (ዳቦ) እና «ፓስቶር» (እረኛ) ከዚህ ወጡ። ከ«ፓኒስ» ደግሞ «ዳቦ አብሮ የሚበላ» የሚል ቃል ተወለደ፤ ይህም ጓደኛ ማለት ሆነ። በየገበያው የምንሰማው «ኩባንያ» እንኳ በጣሊያንኛው «ኮምፓኒያ» በኩል የዚሁ ዘር ነው።

አማርኛችን ሴማዊ ነውና ከዚያ ቤተሰብ አይቈጠርም። ሆኖም በግዕዝ «መገበ» ማለት አበላም አስተዳደረም ነው። ምግብና መጋቢ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንግዲህ በሁለቱም ወገን የሚያበላ ሰው ጠባቂም ነው።

ይህን የምጽፈው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። አምና ከቆላ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከኔ ክፍል አጠገብ ተከራይቶ ይኖር ነበር። እሑድ ያመጣው ስንቅ ረቡዕ ላይ ያልቅ ነበር። እኔም ይህን ዐውቅ ነበር። ሐሙስ ማታ «በላህ ወይ?» ስለው «በልቻለሁ» ይለኛል፤ እኔም እንዳመንኩት ሆኜ በሬን ዘግቼ እበላ ነበር። ከፈተናው በፊት ወደ አገሩ ወረደ፤ አልተመለሰም። ቀን ቀን ግን «ባልንጀራዬ» እያልኩ እጠራው ነበር።

እንደኔ አስተያየት፣ በያዝነው ዓመት ይህ ሊደገም አይገባውም። ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ሁሉ ሰኞ ሰኞ አንዳንድ ጣሳ በሶ ወይም ሽሮ አዋጥተን በአንድ ቤት እናስቀምጥ፤ ያለቀበት ሳያፍር ይውሰድ። የከተማው ወላጆችም የቻሉትን ቢጨምሩ እናመሰግናለን። አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ከጥንት ጀምሮ በገበያ የሚገናኙባት አልዩ አምባ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ሥጋችን በሃይማኖት ቢለይም፣ እንጀራችንና ሽሯችን አይለይም።

ቃሉን አባቶቻችን አስረክበውናል፤ መሶቡን መዘርጋት የኛ ፋንታ ነው።