የጋራ ዲግሪ የጋራ ደንብ ያሻዋል



የአውሮፓና የእስያ የትምህርት ሚኒስትሮች በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ከተሰበሰቡ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎቻቸው ትብብር መስፋቱ የታወቀ ነው። በ2004 የተጀመረው ኤራስመስ ሙንዱስም ዛሬ ከእስያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ጭምር የጋራ ዲግሪ ያሰጣል።

ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተማሪውን ጽሑፍ በደቂቃ ጽፎ የሚያቀርብበት ዘመን ደርሷል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የፈቀደውን ሌላው ቢከለክል ዲግሪው የማን ዕውቀት ምስክር ይሆናል? የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ የተማሪን ውጤት የሚመዝነውን መሣሪያ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መድቦታል፤ የእስያ አገሮች ግን የየራሳቸውን ደንብ ይከተላሉ።

ስለዚህ ተማሪ ከመለዋወጥ አስቀድሞ በፈተናው ሥርዓት መስማማት ይገባል። ማስረጃ አይቶ ሠራተኛ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የሚተማመነው በማኅተሙ ሳይሆን ከማኅተሙ በስተጀርባ ባለው ፈተና ነውና።

አንድ አንባቢ